ሚስማሩ ላይ የቀረው ወረቀት

ጥቅምት 4

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ሰላምታውን በሠላሳ መስመር ልደረድረው ነበር፤ አንቺ ግን ደብዳቤ ከመጨረሻው ጀምረሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ ምን አደከመኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው። ሱቁም እንደቆመ ነው።

ሦስት ሳምንት ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ። "ታመሽ ነው ወይስ ኮርተሽ?" ላልሽው፣ ሁለቱም አይደለም። የማልደውልልሽም ስልኩ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛው አጠገብ ሰሞኑን ጆሮ አይጠፋም።

"አባዬ ይበላል ወይ?" ብለሻል። መብላት ብቻ? ያፏጫል! እማዬ ከሞተች ገና አራት ወሯ ነው፣ ሰውዬው ካውያውን እያሞቀ ያፏጫል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ነገሩ አላማረኝም።

የኮት ቁልፍ ቀዳዳ የእማዬ ሥራ አልነበር? አባዬ ይቆርጣል፣ በስፌት መኪና ይገጣጥማል፣ ቀዳዳውን በእጇ የምትዘመዝመው እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ ስድስት ኮትና አንድ ካፖርት ቀዳዳ ብቻ ጎድሏቸው ተሰቅለው ቀሩ። አባዬ መርፌውን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰባቱም ተዘምዝመው አልቀዋል። "ማን ሠራው?" አልኩት። "ተሠራ እኮ" አለኝ። ተሠራ! ልብስ ራሱን በራሱ ይሠራል እንዴ?

ሴት ያመጣ ይመስለኛል። በጓሮ በር የምትገባ፣ እኔ ሳልመለስ የምትወጣ። ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን "ጋሼ፣ ወደ ሱቃችን የምትገባ ሴት አይተዋል?" ብዬ ብጠይቃቸው "እኔ የሰው ጫማ እንጂ የሰው ቤት አላይም" አሉኝ። ብልጥ ሰውዬ። መልስሽን በእሳቸው በኩል ላኪው፤ ወደ ሱቁ የሚመጣ ፖስታ ማን እንደሚከፍተው እንጃ።

ስለዚያ ቀን፣ ስለ እማዬ የመጨረሻ ሰዓት፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እጽፍልሻለሁ ብዬሻለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።

ከጨርቅ የተረፈችው፣
ብጣሽ


ጥቅምት 12

ብጣሼ፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ሴት? በአራት ወር? ደሜ ፈልቶ የበሽተኛ ሙቀት ስለካ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ። ይሄን የምጽፍልሽ የሆስፒታሉ አንሶላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው፤ ተማሪ ነርስ ስትቀመጥ ካዩ ዓለም የፈረሰ ይመስላቸዋል።

"ምናልባት ሠራተኛ ቀጥሮ ይሆናል" ብለሽ ለእሱ ልትሟገቺ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አትሟገቺ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ሲባል አልሰማሽም? ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ስሟን ይነግርሽ ነበር። ያቺ ቀሚሷን በየሳምንቱ የምታስጠብበው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ትሆን? ቀሚሱ ጠቦ ጠቦ መሐረብ ሊሆን ምን ቀረው!

አሁን ስሚኝ። ጨርቅ ላይ የሠራችው የሙከራ ቀዳዳ ካገኘሽ ቆርጠሽ ላኪልኝ። የእማዬ ስፌት መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ክሩ በጥርስ የተበጠሰ ነው፤ መቀስ አትነካም ነበር። የሌላ ሴት እጅ መሆኑን ባየሁት ቅጽበት እለየዋለሁ። ከዚያ ለአባዬ የምጽፈውን እኔ አውቃለሁ።

ደግሞ ጽሑፍሽ ለምን እንዲህ ቀጠነ? እርሳስ አልቆብሽ ነው? ደብዳቤሽን ያነበብኩት መስኮት አጠገብ ሄጄ ነው።

የዚያን ቀን ነገር ዛሬም ዘለልሽው። እኔ ስደርስ ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ምን እንዳለች ማወቅ ይገባኛል። አልጨቀጭቅሽም ብዬ ነበር፤ ይኸው ጨቀጨቅኩሽ።

ታላቅሽ


ጥቅምት 20

እታለም፣

ያልሽውን አድርጌያለሁ፤ ከዚህ ጋር በወረቀት ጠቅልዬ የላክሁልሽ ብጫቂ ጨርቅ ከጠረጴዛው ሥር ያገኘሁት ነው። እኔ ስለ እሱ የምለው የለኝም። አንቺ እዪው።

"በዓይንሽ አየሻት ወይ?" ብትዪኝ፣ አዎ አየኋት። ትናንት ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ በጓሮ በር ገባሁ። አባዬ ጓዳ እየበላ ነበር። መኪናው ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ አዲስ ነው፣ ቤታችን ውስጥ አይቼው አላውቅም። አፏ ውስጥ ስፒል ሞልቷል። አንድ ሁለት አይደለም እታለም፤ በጉንጯ በኩል ራሶቻቸው ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ሳትዞር "ምሳ በላሽ?" አለችኝ። ቃሉ በስፒሎቹ መሃል እየተሹለከለከ ነው የሚወጣው።

እኔ ጀግናዋ ታናሽሽ ምን አደረግሁ? ሮጥኩ። ቦርሳዬን እንኳ ጥዬ ነው የሮጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ልቤ ሲመለስ አባዬን "ያቺ ሴት ማን ናት?" አልኩት። ጨርቁ ላይ በጠመኔ እያሰመረ ቀና ሳይል "ማን ትሆናለች፣ እናትሽ ናታ" አለኝ። ሳቅ እንኳ አላለም። ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነው የነገረኝ። አብዷል እንዳልል ሥራው ቀጥ ያለ ነው፣ ሒሳቡ አይሳሳትም፣ ደንበኞቹን ያጫውታል። እያታለለኝ ነው እንዳልልም አባዬ ውሸት ሲናገር ጆሮው ይቀላል፤ አልቀላም።

ከእሱ ይልቅ ግን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማታ ሁለት ሳህን ነው ያቀረበው። "የኔስ?" ስለው ደንግጦ አየኝና "ውይ!" ብሎ ሦስተኛ አወጣ። ዛሬም ሁለት። የደንብ ልብሴም ሰፍቶኛል። ነሐሴ ላይ በልኬ ነበር፣ አሁን ትከሻው ይንሸራተትብኛል። አልከሳሁም፤ ሆዴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ጠግቦ አያውቅም። ክፍል ውስጥም አስተማሪዋ ስም ስትጠራ የእኔን ዘለለችው። ታናሽ መሆን መረሳት ነው ብዬ ስቄ አለፍኩት። እስቲ አንቺም ሳቂ።

ብጣሽ


ጥቅምት 28

ብጣሼ፣ የእናቴ ልጅ፣

ፖስታውን እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ከፈትኩት። ሁለት ጊዜ ዞሯል። ክሩ በጥርስ ነው የተበጠሰው። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት፤ የእርጥብ ወረቀት ሽታ አለው። የእማዬ እጅ ነው። እጁ የእሷ ቢሆንም እማዬ ናት ብለሽ እንዳታምኚ። እለምንሻለሁ።

"ታዲያ ምን ልትሆን ትችላለች?" ብትዪኝ፣ እማዬ ካውያው እስኪሞቅ ድረስ ትነግረን የነበረው ተረት ትዝ ይልሻል? ሞት ካባ ሊያሰፋ ልብስ ሰፊ ቤት ሄደ። ልብስ ሰፊውም ለካው፣ ልኩን በወረቀት ቆርጦ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ካባውን አስረክቦ ሲያበቃ ወረቀቱን ሳያቃጥለው ቀረ። ሞትም "ልኬ እዚህ አይደል ያለው?" እያለ በየዓመቱ ተመለሰ። በመጣ ቁጥር ታዲያ ባዶ እጁን አይወጣም፤ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይዞ ይሄዳል። አንቺ ሁልጊዜ እማዬ እዚህ ጋ ስትደርስ ጆሮሽን ትይዢ ነበር። አባዬ የሞተ ደንበኛ ልክ ሚስማር ላይ የማያሳድረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ቢስቁበትም በዚያው ቀን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ስትጠራሽ አቤት አትበያት። የሰጠችሽን አትብዪ። በምንም ምክንያት እንድትነካሽ አትፍቀጂላት፤ በተለይ ሜትር አንገቷ ላይ ካለ አጠገቧ አትድረሺ።

አንድ ነገር እዪልኝ። ከመስታወቱ ጀርባ የእኛ የቤተሰቡ ልክ የሚሰቀልበት ሚስማር አለ። ስም የተጻፈባቸው አይደሉም፣ አባዬ በዓይኑ ስለሚያውቃቸው። ስንት ወረቀት እንደተንጠለጠለና የማን የማን እንደሆኑ ጻፊልኝ። ለምን እንደጠየቅሁሽ አትጠይቂኝ። ቶሎ ብቻ ጻፊ።

እህትሽ


ኅዳር 5

እታለም፣

ሦስት ናቸው። ሰፊው የአባዬ ነው። ጠርዙ በካውያ የተቃጠለው ያንቺ ነው። ሦስተኛውን መስታወቱ ፊት ቆሜ ደረቴ ላይ ዘረጋሁት። ቀኝ ትከሻው ከግራው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበረች።

የኔ የለም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ከቀብሩ በኋላ አባዬ ወረቀቷን ሰጥቶ ወደ ጓሮ የላከው አንቺን ነው። ጭሱን በመስኮት አይቻለሁ። ምንድን ነው ያቃጠልሽው? "ለምን እንደጠየቅሁሽ አትጠይቂኝ" ትያለሽ ደግሞ! አንቺ ለእኔ ስትፈሪ ሁልጊዜ ትቆጪያለሽ፣ ያጠፋሽ ጊዜ ደግሞ ታዥያለሽ። ያለፈው ደብዳቤሽ ትእዛዝ ብቻ ነው።

"አሁንስ ያዩሻል?" ብትዪኝ፣ አያዩኝም። የሒሳብ አስተማሪው ፈተና ሲያድል አለፈኝ። እጄን ባወጣ ባዶ ወንበር እንደሚያይ ሰው አየኝና መስኮቱን ዘጋ። አባዬ በሩ ላይ ገፍቶኝ አለፈ፤ ይቅርታም አላለ፣ አላወቀማ። ጫማ ሰፊው ደብዳቤሽን ሲሰጡኝ "ለማን ልትወስጂው ነው ልጄ?" አሉኝ። "የልብስ ሰፊው ልጅ እኮ ነኝ" አልኳቸው። "ልብስ ሰፊው አንዲት ልጅ ነው ያለችው፣ እሷም ነርስነት ልትማር ሄዳለች" ብለው ደብዳቤውን መልሰው ሊወስዱብኝ ነበር። ነጥቄያቸው ነው የሮጥኩት። ከሳምንት በኋላ የምነጥቅበት እጅ ይኖረኝ ይሆን አላውቅም።

የሚያስፈራኝ ግን እሷ ብቻ ታየኛለች። ስገባ ስፒሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። "ብጣሼ፣ ምነው እንዲህ መነመንሽ፣ ነይ እስቲ ልይሽ" ትላለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ እኮ ነው! እንዴት እንዳየችኝ እንጃ። ማንም የማያየኝን እሷ ለምን ታየኛለች? ልትወስደኝ ስለሆነ አይደል? ትናንት ሾርባ በሳህን አስቀምጣልኝ "በሞቴ ብዪ" አለችኝ። በሞቴ! ወይ አታውቅም፣ ወይ ደግሞ እየቀለደችብኝ ነው።

በላሁ። አትቆጪኝ። ሁለት ቀን ሳህን አልቀረበልኝም ነበር፣ ርቦኛል። ጣዕሙ የእሷው ነው።

ምን እንዳቃጠልሽ ጻፊልኝ።


ኅዳር 11

ብጣሼ፣

አላቃጠልኩትም።

አባዬ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ክብሪት ሰጠኝ፣ "እኔ አልችልም፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ" አለኝ። ጠንካራ! ጓሮ ወጥቼ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አደረግሁት። ከእሷ የቀረኝ ትከሻዋ ብቻ መሰለኝ። ተመልሼ ገባሁና ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት፣ በምትኩ ሌላ አውርጄ አቃጠልሁ። ያረጀ የእኔ ልክ መስሎኝ ነበር። በዚያ ወር አባዬ ለደንብ ልብስሽ ብሎ አዲስ ቆርጦልሽ እንደነበር አላወቅሁም፤ ያቃጠልኩት ያንን ነው። አድገሽ ነበር፤ እንዳደግሽ አላየሁም። አባዬ አመዱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ በዚሁ አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ሞኝም ወረቀትም ሆንኩ።

ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ሴት አመጣ ብዬ የጮህኩት ሴት በሆነች ብዬ ስለተመኘሁ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በዪኝ፣ ይገባኛል።

"ለምን አትመጪም?" ትዪኝ ይሆናል። እሁድ አውቶቡስ ጣቢያ ሄድኩ። ትኬት ቆረጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ለምን እንደምሄድ ጠፋኝ። ትኬቱን እያገላበጥኩ ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩ። ሰኞም እንዲሁ። ቢሮ ሄጄ እህቴ ታማለች፣ ፈቃድ ስጡኝ አልኳቸው። መዝገቤን አውጥተው አሳዩኝ። "እኅት" በሚለው መስመር ላይ "የለም" ይላል። በገዛ እጄ ጽሑፍ። ዛሬ ጠዋት ትራሴ ሥር ያለውን ደብዳቤ አንስቼ "ብጣሽ ማን ናት?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አሁን ስምሽን መዳፌ ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፤ እጄን በታጠብኩ ቁጥር እጽፈዋለሁ። ነርስ ደግሞ እጇን መታጠብ አታቆምም።

አዲስ ልክ ይቆረጥልሽ። ያንቺ ሚስማሩ ላይ ሲሰቀል የእሷን አቃጥዪ። እዚህ ልቆርጥልሽ ብዬ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የእማዬን ወገብ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ያንቺን አንዱንም አላውቀውም። አንዱንም! ራስሽን ለመለካት ደግሞ አትሞክሪ፤ ሜትሩን ለማየት ስታጎነብሺ ጀርባሽ ይረዝማል፣ ልኩ አይወጣም። የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋል። አባዬን ለምኚው፣ ጫማ ሰፊውን ለምኚ፣ መንገደኛ ለምኚ። እሷን ግን አይደለም። አንድ ጊዜ በሜትሩ አንገትሽን ከያዘች አትለቅሽም።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ቃሉ አነሰብኝ።

እህትሽ


ኅዳር 19

እታለም፣

ትናንት በስልክ "ብጣሽ? ብጣሽ ነሽ?" ስትዪ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። ቅር አይበልሽ። ልትጠይቂኝ ያሰብሽውን አሁን ልመልስልሽ። አዎ፣ እንድትነካኝ ፈቀድኩላት። ሌላ የሚለካኝ ሰው አልነበረም። አባዬ እጅ ላይ ሜትሩን አስቀመጥኩለት፤ አንገቱ ላይ ጣለውና እያፏጨ ሄደ። ጫማ ሰፊው ደብዳቤሽን ከፊታቸው ሳነሳ አላዩኝም፤ ፊታቸው ቆሜ ስጮህ ነፋስ የነካቸው ይመስል አንገታቸውን ሸፈኑ። ሦስት መንገደኛ ለመንኩ። በቃኝ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ክብሪት በኪሴ ይዤ ገባሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐሳቤ መጀመሪያ የእሷን አቃጥዬ፣ ስለ እኔ በኋላ ላስብ ነበር። ወረቀቷን ከሚስማሩ ሳወርድ መኪናው ቆመ። "የማን ነው?" አለችኝ። "ያንቺ" አልኳት። "ያንቺስ የት አለ?" አለችና ዞረች።

ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እሷ ናት እታለም። ግንባሯ መሃል ላይና በጉንጯ በኩል እጥፋት አለ፤ አራት ላይ ታጥፎ የተዘረጋ ወረቀት እንደሚኖረው ያለ። እጮሃለሁ ብዬ ነበር፣ አልጮህኩም። ዓይኖቿ ሚስማሩ ላይ ነበሩ። አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። ግራ ገብቷት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አልቀለደችብኝም፣ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አገር ሁሉ የሰማውን እሷ አልሰማችም። ማንም አልነገራትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። ሰውየውን መጀመሪያ ያስቀምጡታል አይደል? እሷ ተቀምጣለች። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ሞተሻል" አልኳት።

ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ስፒል መሰኪያው ትንሽ ትራስ ላይ ትሰካ ጀመር። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲያልቁ ድምፅዋ የድሮው ድምፅ ሆነ። "መቼ?" አለችኝ። "ሰኔ ላይ።" "ማን ነበር አጠገቤ?"

ይኸው እታለም፣ ስንት ጊዜ የጠየቅሽኝ። ማንም አልነበረም። አባዬ ጨርቅ ሊገዛ ሲወጣ ካጠገቧ እንዳትለዪ ብሎኝ ነበር። የጸሐፊዋን ቀሚስ አድርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ፣ ለአሥር ደቂቃ። የክፍሌን ልጆች መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቆሜ አወራሁ። ሳቅኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነኝ። ስመለስ ከአልጋው በአንድ ወገን እጇ ተንጠልጥሏል። ምን እንዳለች የማልጽፍልሽ ስላልሰማኋት ነው። ለአባዬም እጇን ይዤ ነበር ብዬ ዋሽቻለሁ።

ይሄን ሁሉ ነገርኳት። "ሳቅሽ?" አለችኝ። "ሳቅኩ።" ወለሉን አየች። ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "ምን ነበር የሚያስቀው?" አለችኝ። የሒሳብ አስተማሪው ሱሪ ከኋላው ተተርትሮ ሳያውቀው ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እንደዋለ ነገርኳት። "ያ ሱሪ የአባትሽ ስፌት ነው?" አለችኝ። "የእሱ አይደለም" ስላት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ኋላ ሁለታችንም አለቀስን፣ እሷ ግን እንባ አልወጣትም።

"ነይ ቁሚ" አለች። እጇ እንደ መቀስ ይቀዘቅዛል። እንደ ድሮው ቁጥሩን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ትከሻሽ ሰፍቷል፣ መቼ ነው ያደግሽው?" እያለች። አንገቴ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሜትሩ ትንሽ ጠበቀብኝ። ያልሽው ሁሉ ትዝ አለኝ፣ ክብሪቱን በኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ምን እያሰበች እንደነበር አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ከዚያ "ሠላሳ ሁለት" አለችና ለቀቀችኝ።

ወረቀቱን ራሷ ቆርጣ ራሷ ሰቀለችው። የራሷን አንስታ ሰጠችኝ። "እጄ እምቢ ይለኛል፣ አንቺ አድርጊው" አለችኝ። እታለም፣ አልቻልኩም። ክብሪቱን ይዤ ቆሜ እኔ ብጠፋስ ምን አለበት ብዬ አሰብኩ። አባዬ ያፏጫል፣ አንቺም ረስተሽኝ ትምህርትሽን ትማሪያለሽ፣ ለማንም ምንም አይጎድልም። እዚያ ላይ ነው አንቺ ለምን እንዳላቃጠልሽው የገባኝ። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜዋ "ቶሎ በዪ እንጂ፣ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው" አለችኝ። ለኮስኩት። ቀስ ብሎ ነው የነደደው። ቀና ስል ግራጫው ቀሚስ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፣ ውስጡ ማንም የለም።

አባዬ እያፏጨ ገባ። መጀመሪያ እኔን አየኝና "ምነው፣ ትምህርት ቤት የለም እንዴ?" አለ። ሰማሽ? እኔን ነው ያለው! ቀጥሎ ቀሚሱን አየ። ፉጨቱ ቆመ። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ በቀብሩም ቀን እንዲህ አላለቀሰም። ያን ቀን እጇን እንዳልያዝኩ እዚያው ነገርኩት። ራሴን ጎትቶ ደረቱ ላይ አደረገው።

አንቺ ወረቀቱን አውቀሽ እንደለወጥሽ ግን አልነገርኩትም። "ልጅቷን ወረቀት እንድታቃጥል ልኬ ራሴ ሳላይ ቀረሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" እያለ ራሱን ሲከስ ይውላል፤ እሰማዋለሁ፣ ዝም እላለሁ። አንድ መርዶ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛውን አልችልም። ተናድጄብሻለሁ። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። በጣምም ናፍቀሽኛል።

ፈቃድ የሚሰጡሽ ወሩ ሲያልቅ ነው ብለሽ ለአባዬ በስልክ ነግረሽዋል። ስትመጪ በፊት ለፊት በር ግቢ፣ አባዬ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ንገሪው። አውቅሻለሁ፣ ካስቀመጥሽው እጄን ልታጠብ፣ ልብሴን ልቀይር እያልሽ ታዘገይዋለሽ። ይጮህ ይሆናል፣ ያለቅስ ይሆናል፣ እንጃ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። እስክትጨርሺ የትም አልወጣም።

ብጣሽ